ፊደል ከመቁጠር ወደ ማንበብ፦ ለአንደኛ ክፍል መምህራን የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ ኅዳር ወር ላይ አንዲት ተማሪ ወደ ሰሌዳው ወጥታ የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በማስመሪያ እየጠቆመች፣ አንዲት ሳትስት በዜማ ወረደችው። ክፍሉ አጨበጨበላት፤ እኔም አጨበጨብሁ። ወዲያው በሰሌዳው ጥግ ላይ «ቦ»ን ለብቻዋ ጽፌ «ይህቺስ?» ብላት ልጅቷ ዝም አለች። ቆይታ ዓይኗን ወደ ገበታው መለሰች፤ የ«በ»ን ረድፍ ፈለገችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «በ፣ ቡ፣ ቢ…» እያለች ሰባተኛዋ ላይ ስትደርስ «ቦ!» አለች። እየቆጠረች የምትደርስባት ፊደል በቃል ውስጥ ስትመጣ አትጠቅማትም፤ «ዳቦ»ን ለማንበብ ሁለት ጊዜ ገበታ መውረድ ይኖርባታልና።

ቀደምት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር በሚገባ ያውቁት ነበር። ተማሪው «ሀ ሁ»ን በቃሉ ከያዘ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በአቡጊዳ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እየተባለ በየእርምጃው ፊደሉም ቤቱም (ከሰባቱ ቅርጾች አንዱ) ስለሚለወጥ፣ ልጁ ዜማ ይዞ መንሸራተት አይችልም፤ እያንዳንዷን ቅርጽ ማየት ግድ ይሆንበታል። ዛሬ በብዙ ክፍሎች የቀረው የመጀመሪያው ግማሽ፣ ዜማው ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ችሎታ ግምገማም ሁለተኛ ክፍል ደርሰው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ቁጥራቸው ብዙ እንደነበር ታይቷል።

ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ስልሳ ገደማ ተማሪዎች ባሉበት፣ ሦስት ልጆች አንድ ዴስክ በሚጋሩበት ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስሠራበት፣ ስጥለውና ሳሻሽለው የቆየሁት ነው። የተማሪውን መጽሐፍ አይተካም። የመጽሐፉን ቅደም ተከተል በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እንደተለመደው እያስተማሩ፣ ይህን በቀን ለአሥራ አምስት ወይም ለሃያ ደቂቃ ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ዜማውንም አያስቀሩት፤ ልጆቹ ይወዱታል፣ የፊደሉን ተራ ማወቅም በኋላ መዝገበ ቃላት ሲይዙ ይጠቅማቸዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ ማን ምን ይዞ እንደመጣ ማወቅ

መስከረም ላይ ለማስተማር አይቸኩሉ። ከተማሪዎችዎ አንዳንዶቹ ቅድመ መደበኛን ጨርሰው፣ አንዳንዶቹ ከክፍለ ሀገር በቅርቡ መጥተው፣ አንዳንዶቹም ቤት ውስጥ ታላቅ እህታቸው አስተምራቸው የመጡ ናቸው። አሥራ አምስት ፊደሎችን ያለ ተራ፣ ከተለያየ ቤት ቀላቅለው በአንድ ካርቶን ላይ በትልቁ ይጻፉ። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ከምገባ በኋላ ባለው ጊዜ ወይም ሌሎቹ ሥዕል ሲሥሉ ወደ ጠረጴዛዎ ይጥሩና እየጠቆሙ ይጠይቁ። ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ስድስት ልጅ ካዩ በአሥር የትምህርት ቀን ስልሳውን ይጨርሳሉ።

ውጤቱን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ ለልጁም ለክፍሉም ግን አይንገሩ። በተለይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ልጁ ሲጠየቅ ወዲያው ይመልሳል ወይስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ግዕዝ» ቤት፣ ማለትም ከመጀመሪያው ቅርጽ፣ ተነሥቶ ይቆጥራል? የሚቆጥሩትን በደብተርዎ ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ጎበዝ ተብለው የሚታለፉ ስለሆኑ፣ ምንም ከማያውቁት ይልቅ በመምህሩ የሚረሱት እነርሱ ናቸው።

ከፊደል በፊት ጆሮ

ፊደል የድምፅ ምልክት ነው፤ ድምፁን በጆሮው ያልለየ ልጅ ምልክቱን ከምን ጋር እንደሚያያይዝ አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ከሰልፍ እንደተገባ፣ እጃቸው በብርድ ደንዝዞ እርሳስ መያዝ በሚያስቸግራቸው ሰዓት፣ የአፍና የጆሮ ጨዋታ ያድርጉ። የጥቅምት ብርድ ከከተማው መሀል ይልቅ በዳር ባለው ሜዳ ይበረታልና ጽሕፈቱን ከእረፍት በኋላ ያድርጉት።

ጨዋታው ቃልን በጭብጨባ መቁረጥ ነው። «ሎሚ» ሲሉ ልጆቹ «ሎ–ሚ» ብለው ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ «ሳሙና» ሲሉ ሦስት፣ «ተራራ» ሲሉ ሦስት። እዚህ ላይ እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎ። በመጀመሪያው ዓመት «ሰላም»ን አስጨበጨብኋቸው፤ ልጆቹ «ሰ–ላም» ብለው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ፣ እኔ ደግሞ ሦስት ፊደል ስላለው «ሦስት ነው!» ብዬ አረምኋቸው። ትክክለኞቹ እነርሱ ነበሩ። ጆሮ «ላም»ን በአንድ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ሁለት ሆኖ የሚታየው በጽሑፍ ነው። «ልብስ» የሚለውም በአፍ አንድ ጭብጨባ፣ በጽሑፍ ሦስት ፊደል ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ያለ አናባቢ የሚነበቡት ሳድሶች፣ ማለትም እንደ «ም» እና «ስ» ያሉት የስድስተኛው ቤት ፊደሎች ናቸው። በመጀመሪያው ወር እንግዲህ ጭብጨባውና የፊደሉ ብዛት እኩል የሆኑባቸውን ቃላት ብቻ ይምረጡ፦ ዱባ፣ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ቆሎ፣ ዶሮ፣ በሬ፣ ጎጆ፣ ሜዳ፣ ሱሪ፣ ጫማ፣ አበባ፣ ጨዋታ። ሁሉም ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩዋቸው ወይም የሚሏቸው ናቸው።

ከጭብጨባው ቀጥሎ መጀመሪያን መለየት ይመጣል። እንቆቅልሽ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። «እንቆቅልህ!» ይበሉ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ምን አውቅልህ!» ይላል። «በ‹ዱ› ይጀምራል፣ መሬት ላይ ይሳባል፣ ተቀቅሎ ይበላል።» እጅ ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት እንቆቅልሹን ልጆቹ ራሳቸው ያወጡታል፤ አንዳንዶቹ ከአያቶቻቸው ሰምተው የሚያመጡት ከእኛ የተሻለ ነው።

ከየትኞቹ ፊደሎች መጀመር ይሻላል?

የአማርኛ ፊደል በተለመደው አቆጣጠር 33 ዋና ፊደሎች፣ እያንዳንዱም ሰባት ቤቶች ስላሉት 231 ቅርጾች አሉት፤ «ቨ» ሲጨመር ዋናዎቹ 34፣ ቅርጾቹ 238 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ገበታ ላይ ማሳየት ተራራ ማሳየት ነው። ደግሞም የገበታው መጀመሪያ ለጀማሪ የማይመች ነው፤ «ሀ» በግዕዝም በራብዕም አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፣ ሁለት ረድፍ ወረድ ሲሉ «ሐ» ያንኑ ድምፅ ይዞ ይመጣል፣ «ሠ» እና «ሰ»ም እንዲሁ። ልጁ «ቅርጹ ሲለወጥ ድምፁ ይለወጣል» የሚለውን ሕግ ገና ሳይዘው ሕጉ የሚፈርስባቸውን ፊደሎች እናቀርብለታለን።

እኔ የምጀምረው በስድስት ነው፦ ለ፣ በ፣ መ፣ ሰ፣ ደ፣ ከ። ድምፃቸው እርስ በርሱ አይምታታም፤ ከሳድስ በስተቀርም በየቤቱ የሚለወጡት በአብዛኛው ሊገለጽ በሚችል መንገድ ነው። ካዕቡ በቀኝ ጎኑ ጭረት ያወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ። ሣልሱ ጭረቱን ወደ ቀኝ እግሩ ግርጌ ያወርደዋል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ። ኃምሱ በዚያው ቦታ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ። ራብዑ ቀኝ እግሩን ያስረዝማል፦ ላ፣ ባ፣ ሳ፣ ካ። ሳብዕ ላይ «ቦ» እና «ሶ» ግራ እግራቸውን ሲያስረዝሙ «ሎ» ግን ቀለበት ስለሚያደርግ ለብቻው ይታያል። ልጆቹ ይህን በአካላቸው ይሥሩት፤ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ሲዘረጉ ካዕብ፣ ቀኝ እግራቸውን ወደፊት ሲያወጡ ሣልስ ይሆናሉ። ጠባብ ክፍል ውስጥም ይቻላል፤ ዴስኩ መሀል ለመሀል ቆመው ያደርጉታል።

ሳድስን በተመለከተ ምንም አቋራጭ የለም። «ል፣ ብ፣ ም፣ ስ፣ ድ፣ ክ» እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ የተለወጡ ስለሆኑ አንድ በአንድ፣ በሳምንት ሁለት ሁለቱን ብቻ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ስድስት ፊደሎች የሚወጡት 42 ቅርጾች ብዙ ቃል ይሠራሉ። ዱባ፣ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ሜዳ፣ ላም፣ ልብ፣ ከሰል፣ ሰላም፣ ከባድ፣ ለበሰ፣ መሰለ ሁሉም ከእነዚሁ ይወጣሉ። በአራተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «ለማ ዳቦ በላ» ብለው ይጻፉና ዝም ብለው ይቁሙ። አያንብቡላቸው። ከኋላ ዴስክ አንዱ ቀስ ብሎ «ለ…ማ… ለማ!» ሲል ክፍሉ የሚያሰማውን ጩኸት ሰምቼዋለሁ፤ ቃል ከፊደል ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አይተዋልና።

ሁለተኛው ምድብ ነ፣ ተ፣ ረ፣ ወ፣ የ፣ አ ነው። ከዚህ በኋላ «ነው»፣ «ናት»፣ «የ» መጻፍ ስለሚቻል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይከፈታል። «ረ» በካዕብና በሣልስ ከተለመደው መንገድ ስለሚወጣ ነው ከመጀመሪያው ምድብ ያስቀረሁት። ሦስተኛው ምድብ ገ፣ ቀ፣ ጠ፣ ዘ፣ ፈ፣ ሀ፣ ጸ ነው፤ «ፈ»ም እንደ «ረ» «ፉ» እና «ፊ» ላይ የራሱን መንገድ ስለሚከተል ሁለቱን ለብቻ ያሳዩ።

አራተኛው ምድብ ለልጆቹ በጣም ደስ የሚላቸው ነው። «ሰ» ላይ ምልክት ሲጨመር «ሸ»፣ «ተ» ላይ «ቸ»፣ «ነ» ላይ «ኘ»፣ «ዘ» ላይ «ዠ»፣ «ደ» ላይ «ጀ»፣ «ጠ» ላይ «ጨ» ይሆናል። እኔ «እናትና ልጅ» እላቸዋለሁ፤ ልጅ እናቱን ይመስላል፣ ግን የራሱ ምልክት አለው። እናቲቱን በሁሉም ቤቶች የሚያውቅ ተማሪ ልጁን ለማወቅ አንድ ሳምንት አይፈጅበትም፤ ስድስት አዲስ ረድፍ በሁለት ሳምንት የጨረስንበት ዓመት አለ።

የፊደል ክዳኖች

ገበታ ግድግዳ ላይ ነው፤ ልጅ ግን በእጁ የሚይዘው ፊደል ይፈልጋል። ካርድ ከወረቀት ቢሠራ በሳምንት ይቀደዳል፣ ላብና ወጥ ይነካዋል። ቆርኪ ሞክሬ ነበር፤ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። ከሁሉም የሚሻለው ሃይላንድ እያልን የምንጠራው የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ነው። በኮንዶሚኒየም ሰፈር በየግቢው ስለማይጠፋ ልጆቹ በሁለት ሳምንት ከበቂ በላይ ያመጣሉ።

ስልሳውን ልጅ አምስት አምስት አድርገው በአሥራ ሁለት ቡድን ቢከፍሉ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ለመጀመሪያው ምድብ 42፣ በጠቅላላው 504 ክዳን ያስፈልጋል። በቃላት ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን «ለ፣ ላ፣ ማ፣ ም፣ በ፣ ስ» ለየቡድኑ አንድ አንድ ተጨማሪ ያድርጉ። ክዳኖቹን በሳሙናና በበረኪና አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ፤ በማይለቅ ማርከር በጀርባቸው ላይ ይጻፉ። ከሥር በኩል፣ ፊደሏ ወደየት እንደምትቆም ልጁ እንዲያውቅ፣ አንዲት ሰረዝ ያድርጉ፤ አለበለዚያ «በ»ን ገልብጠው ሌላ ነገር ያደርጓታል። እያንዳንዱን ስብስብ በአንድ ፌስታል አስረው የቡድኑን ቁጥር ይጻፉበት፣ ለቡድኑ መሪም ቆጥሮ የመረከብና የመመለስ ኃላፊነት ይስጡት። በዚህ ላይ ጥብቅ ይሁኑ፤ «ም» የጠፋበት ቡድን ግማሽ ቃላቱን መሥራት አይችልም።

የሃያ ደቂቃው ውሎ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ለትናንቱ ይስጡ፦ የትናንቱን ፊደሎች ከተራ ውጪ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ክፍሉ በአንድነት ሳይሆን ረድፍ በረድፍ ይመልስ። ሁሉም በአንድ ላይ ሲጮኹ የማያውቀው በሚያውቀው ድምፅ ውስጥ ይደበቃል።

ቀጥሎ አንድ አዲስ ቅርጽ ብቻ ያስገቡ። በቃል ይጀምሩ፤ ለምሳሌ «ዱባ» ካሉ በኋላ «ዱ»ን ለይተው ያሰሙ፣ ከዚያ ይጻፉ። ሲጽፉ ጀርባዎን ለክፍሉ ሰጥተው ፊደሉን አይሸፍኑ፤ ጎንዎን ሰጥተው እያንዳንዱን ጭረት በቃል እየገለጹ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሳቡ። ልጆቹ በጣታቸው በአየር ላይ፣ ቀጥሎ በዴስኩ ላይ፣ በመጨረሻ በጓደኛቸው ጀርባ ላይ ይጽፉታል። በጀርባ ላይ የተጻፈበት ልጅ ሳያይ ፊደሉን መገመት አለበት፤ ይህን ጨዋታ በቀን አንድ ጊዜ ካላደረግሁ «ቲቸር፣ ጀርባ!» እያሉ ይጠይቁኛል።

የቀሩት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ደቂቃዎች የክዳኖቹ ናቸው። መምህሩ ቃል ይናገራል፣ ቡድኑ ይፈልጋል፣ ይደረድራል፣ አንዱ ያነባል። አንባቢው በየቃሉ ይለዋወጣል፤ ይህን ካልጠበቁ በየቡድኑ አንድ ፈጣን ልጅ ሁሉንም ይሠራና አራቱ ተመልካች ይሆናሉ። ከዚያ አንዲት ክዳን ብቻ እንዲለውጡ ይጠይቁ። «ዳቦ»ን ሠርተዋል፤ «ዳ»ን አንሥታችሁ «ዱ» አድርጉ፣ «ቦ»ን ደግሞ «ባ» አድርጉ፤ ምን ሆነ? ዱባ። «ላም»ን «ሉም» ቢያደርጉት ቃል ይሆናል? አይሆንም፤ ይሥቃሉ፣ ግን አንብበውታል። ከጠቅላላው አሠራር አንዱን ብቻ መያዝ ካለብዎ ይህን ይያዙ። ከ«ላ» ወደ «ሉ» ሲሄድ ምን እንደተለወጠ በእጁ የዳሰሰ ልጅ ከእንግዲህ ገበታ መቁጠር አያስፈልገውም።

የጽሕፈት ልምምድ ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። መስከረም ላይ ግቢው ጭቃ ስለሆነ ክፍል ውስጥ በደብተር ይሥሩ፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መሬቱ ሲደርቅ በስንጥር አፈር ላይ ማጻፍ ይቻላል። በአፈር ላይ ስሕተት በእጅ ይጠፋል፣ ላጲስም ወረቀትም አይፈጅም፣ ፊደሉም ትልቅ ይሆናል። በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ካለ አያስገድዱት፤ ክርኑ እንዳይጋጭ በዴስኩ ግራ ጫፍ ያስቀምጡት እንጂ።

ጠብቆና ላልቶ

ልጆቹ አጫጭር ቃላትን ማንበብ ሲጀምሩ አዲስ ችግር ይመጣል። አጻጻፋችን መጥበቅን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፣ ሲጠብቅ ግን አለቃ ወይም ትልቅ ይሆናል። ይህን በደንብ አድርጎ ማስረዳት ለአንደኛ ክፍል አይገባም። ከዚህ ይልቅ ልጁ ፊደል በፊደል አንብቦ ሲጨርስ «ምን ማለት ነው?» ብለው ሁልጊዜ ይጠይቁ። ልጁ ቃሉን በአፉ ስለሚያውቀው ትርጉሙን ሲፈልግ መጥበቁን ራሱ ያስተካክለዋል። ስለዚህም ቃላት ቶሎ ወደ ዓረፍተ ነገር ይግቡ፤ «ልጁ ዋና ይወዳል» በሚለው ውስጥ የሚሳሳት የለም።

አማርኛ የቤት ቋንቋው ላልሆነ ልጅ

በከተማዋ ዳር ባሉ ክፍሎች ውስጥ ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ፊደሉን ቢያነቡትም ቃሉ በአእምሯቸው ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ አዲስ ቃል ከመጻፍዎ በፊት ዕቃውን ወይም ሥዕሉን ያሳዩ። ድምፅም ይለያል። «ጸ» በኦሮምኛ የለም፤ «ጸሎት»ን «ጠሎት» የሚል ልጅ የቤቱን ጆሮ ይዞ ነው የመጣው። በብዙ የአማርኛ ተናጋሪዎች አፍም «ፀጉር» «ጠጉር» ይባላል። ስለዚህ አይሣቁበት፣ ሌሎች ልጆችም እንዲሥቁ አይፍቀዱ፤ ቀስ ብለው ሁለቱን ድምፆች አጠገብ ለአጠገብ ያሰሙት።

ይህ ብዝኃነት ለክፍሉ ሀብት የሚሆንበት መንገድም አለ። አንድ ቀን የሰፈራችንን ስም ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስናነብ፣ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ጸጥተኛ ልጅ ቱሉ ኮረብታ፣ ዲምቱ ደግሞ ቀይ ማለት እንደሆነ ተናገረ። ክፍሉ ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ እጁን ማውጣት ጀመረ። በየአንዳንዱ ሳምንት አንድ ቃል መርጠው «ቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ከክዳን ወደ ገጽ፦ የክፍሉ መጽሐፍ

ሁለተኛው ምድብ እንዳለቀ የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል። ልጆቹ ከወላጅ ወይም ከአያት አንድ ተረት ሰምተው እንዲመጡ ያድርጉ፤ ይህ የቤት ሥራ ማንበብ የማይችል ወላጅም በኩራት የሚሳተፍበት ነው። ዓርብ ዓርብ አንድ ልጅ «ተረት ተረት» ብሎ ይነሣል፣ ክፍሉ «የላም በረት» ይላል፣ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እስኪል ድረስ ይሰማል። ከተረቱ ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገሮችን፣ ልጁ ባለበት ቃል፣ በትልቅ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የተጠረገ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛው ንጹሕ ወረቀት ለዚህ ይበቃል፤ በዙሪያችን የሚገነባው ቤት ስለማያልቅ ከረጢቱም አያልቅም፣ ሲሚንቶው ግን በደንብ መራገፉን ከቤት ውጪ ሆነው ያረጋግጡ። ተራኪው ሥዕል ይጨምርበታል። አሥር ገጽ ሲሞላ በገመድ ሰፍተው ጥግ ላይ ያንጠልጥሉት። ልጆቹ ደጋግመው የሚያነቡት ይህንን ነው፤ የሚያውቁት ልጅ የተናገረው ስለሆነ ትርጉሙ አይጠፋቸውም።

ከክፍሉ ውጪም ጽሑፍ አለ። ጥር ላይ ረዳት መምህር ወይም አንድ ወላጅ ይዘው፣ ሃያ ሃያ ልጅ አድርገው እስከ አስፋልቱ ዳር ያውጧቸው። «ዳቦ ቤት»፣ «ፋርማሲ»፣ የታክሲው ታፔላ ላይ «ቃሊቲ»፣ «ሳሪስ»። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቃል አንብቦ በቃሉ ይዞ ይመለስና በክዳን ይሥራው።

ሳምንታዊው መዝገብ

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ተከታታይ ምዘና የምንለው ነገር በብዙ ክፍል ውስጥ ተከታታይ ፈተና ሆኗል። ለዚህ ሥራ ፈተና አያስፈልግም። በቀን አሥራ ሁለት ልጆች፣ በሳምንት ስልሳውም፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ደቂቃ ከክፍሉ መጽሐፍ ወይም ከሰሌዳው ያንብቡልዎ። በደብተርዎ ከሦስት ምልክቶች አንዱን ያስቀምጡ፦ በፍጥነት ያነባል፣ ፊደል በፊደል ያነባል፣ ይቆጥራል ወይም ይገምታል። ሦስተኛው ምልክት ሁለት ሳምንት ከተደጋገመ ልጁን ከአንድ ታጋሽ አንባቢ ጎን ያስቀምጡና የሳምንቱን ፊደል ትተው ባልያዛት ፊደል ላይ ይመለሱ። ክፍሉ ወደፊት ስለሄደ ብቻ ያልያዘውን ትቶ እንዲከተል ማድረግ ክፍተቱን እስከ አራተኛ ክፍል ማስረዘም ነው።

ሰሌዳውን ሲያይ ዓይኑን የሚያጠብብ፣ ወይም «ዱ» ሲሉት ደጋግሞ «ቱ» የሚል ልጅ ካለ ችግሩ ከፊደሉ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ፊት ዴስክ ላይ ያስቀምጡት። ለውጥ ካላዩ ወላጁን ለብቻ ጠርተው «ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፤ ዓይኑን ወይም ጆሮውን ጤና ጣቢያ ያሳዩልኝ» ይበሉ። ይህንን በወላጅ ስብሰባ ፊት አይናገሩት።

የመጨረሻዎቹ ፊደሎች

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ ላይ፣ ልጆቹ በአብዛኛው እያነበቡ ሳለ፣ የቀሩት ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ እና ጰ፣ ፐ፣ ኸ፣ ቨ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስት እንደ አዲስ ድምፅ አያስተምሯቸው። «ሰ የሚል ሌላ ልብስ የለበሰ ፊደል አለ» ብለው ከ«ሰ» አጠገብ «ሠ»ን ይጻፉ። ልጆቹ «ለምን ሁለት ሆነ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በግዕዝ እነዚህ ፊደሎች የየራሳቸው ድምፅ እንደነበራቸው፣ በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ እንደሆነ በአጭሩ ይንገሯቸው፤ ይገባቸዋል። ለንባብ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። በጽሑፍ «ሠራ»ን «ሰራ» ብሎ የጻፈውን ልጅ በዚህ ክፍል ነጥብ አይቁረጡበት፤ ዝም ብለው ከጎኑ በራስዎ እጅ «ሠራ» ብለው ይጻፉለት። ቀሪዎቹ አራት እምብዛም ስለማይገኙ በቃል ውስጥ ያሳዩዋቸው፦ «ፖሊስ»፣ «ፓስታ»፣ «ጳጉሜን»፣ «ኸረ»፣ «ቪዲዮ»። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀን በቂ ነው፤ የክዳኑ ስብስብም የሚሞላው በእነርሱ ነው።